ክፉውን መጫወት፦ በሚና ጨዋታ ጠረጴዛ ላይ የክፋት ጥያቄ

አራት ወይም አምስት ሰዎች ጠረጴዛ ከብበው ይቀመጣሉ። አንደኛው የጨዋታው መሪ ነው፤ የምናቡን ዓለም እየገለጸ ጠላቱንም፣ ባለሱቁንም፣ ንጉሡንም ወክሎ ይናገራል። የቀሩት አንዳንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው በየተራ ምን እንደሚያደርጉ ያስታውቃሉ፤ ውጤቱ አጠራጣሪ ሲሆን ዳይስ ይጣላል። መድረክ የለም፣ አስቀድሞ የተጻፈ ቃለ ተውኔትም የለም። የጠረጴዛ ላይ የሚና ጨዋታ የሚባለው ይህ ነው፤ ከዚህ ዓይነቶቹ ጨዋታዎች ሁሉ ስሙ የገነነው ደግሞ ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ነው።

ተጫዋቾች በልማድ ጀግና ይሆናሉ፤ መንደር ያድናሉ፣ ዘንዶ ይገድላሉ። ከመካከላቸው አንዱ "የእኔ ሰው ክፉ ነው" ያለ እንደሆነስ? ይህ ጉዳይ ላለፉት 50 ዓመታት ሲያከራክር ኖሯል። ክርክሩ መቋጫ ያጣው በአንድ ስም ሦስት ጥያቄዎች ስለሚጠየቁ ነው። ክፋትን መጫወት የተጫዋቹን ጠባይ ያበላሻል ወይ? አብረውት የተቀመጡትን ይጎዳል ወይ? ለመሆኑ በጨዋታው ዓለም ውስጥ ክፉ የሚባለው ማን ነው? የመጀመሪያው ብዙ ጩኸት አስነሥቷል። ሁለተኛው ብዙ ቡድን በትኗል። ሦስተኛው ግን ዘግይቶ የተነሣ ሲሆን፣ በእኔ ግምት ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው።

ከወገን ወደ ኃጢአት

ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1974 ነው፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ሁለቱም የመጡት ትንንሽ የወታደር ምስሎችን ጠረጴዛ ላይ ከሚያዋጉ የጦርነት ጨዋታ አፍቃሪዎች መካከል ነበር። በጦርነት ጨዋታ አንድ ሰው ከሁለቱ ወገን በአንዱ መሰለፉ ግድ ነው፤ የናፖሊዮንን ጦር ስለመራም የናፖሊዮን ደጋፊ ነው አይባልም። የመጀመሪያው መጽሐፍ ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ "አሰላለፍ" ሲደለድልም የጠየቀው ወገንን ነበር፦ ከሥርዓት፣ ከገለልተኝነት ወይስ ከሁከት? ክፍፍሉ የተወሰደው ከፖል አንደርሰንና ከማይክል ሞርኮክ ልቦለዶች ነው። "ክፉ" የሚለው ቃል በመጽሐፉ እዚህም እዚያም ቢገኝም ራሱን የቻለ ምድብ አልነበረም። ተጫዋቹ ከደካማነት ተነሥቶ ቀስ በቀስ እስካደገ ድረስ ዘንዶ ሆኖ እንኳ ቢጫወት መጽሐፉ አይከለክለውም።

ከኅትመቱም በፊት ቢሆን ክፉ ተጫዋች ነበረ። አርነሰን በሚኒሶታ ይመራው በነበረው የብላክሙር ጨዋታ የዴቪድ ፋንት ገጸ ባሕርይ ቫምፓየር ሆነና ሰር ፋንግ ተባለ። ኃይሉ እየገነነ ሲሄድ የሚመክተው አስፈለገ፤ ካህን የሚባለው የጨዋታው የሙያ ዓይነት የተፈጠረው በዚህ ምክንያት ነው። ዛሬ በየጠረጴዛው ቁስለኛን በመፈወስ የሚታወቀው ካህን ወደ ጨዋታው የገባው አንድ ተጫዋች ክፉ ስለሆነ ነው ማለት ነው። ጋይጋክስ በሚመራው የግሬይሆክ ጨዋታም የሮበርት ኩንትዝ ገጸ ባሕርይ ሮቢላር በጭካኔውና በስግብግብነቱ ስም ያተረፈ ክፉ ተዋጊ ነበር። በዚያ ዘመን ይህ ነውር ሆኖ አልታየም።

ለውጡ የመጣው በየካቲት 1976 ነው። ጋይጋክስ ስትራቴጂክ ሪቪው በተባለው መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ በሥርዓትና በሁከት መስመር ላይ ሌላ መስመር አቋረጠበት፤ ደግና ክፉ። በ1978 በወጣው የተጫዋቾች መጽሐፍ ሁለቱ መስመሮች ተሰናስለው ዘጠኝ አሰላለፎች ሆኑ። "ሥርዓተኛ ደግ" በአንድ ጫፍ፣ "ሁከተኛ ክፉ" በሌላው ጫፍ ቆሙ። ያው መጽሐፍ ቅጥረኛ ነፍሰ ገዳይ ሆኖ መጫወትን ፈቀደ፤ ነገር ግን ለገንዘብ ብሎ የሚገድል ሁሉ ክፉ መሆኑን በሕግ ደነገገ። በጎኑ የተቀመጠው፣ ፓላዲን የተባለው የተዋጊ ሙያ ደግሞ ሥርዓተኛ ደግ ከመሆን በቀር ምርጫ የለውም፤ ክፉ መሆኑን ከሚያውቀው ሰው ጋር መተባበርም አይችልም። በዓመቱ የወጣው የመሪዎች መጽሐፍ አሰላለፉን የለወጠ ገጸ ባሕርይ አንድ የልምድ ደረጃ እንዲቀነስበት አዘዘ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ የኋላው ክርክር ሁሉ ሥሩ ከዚህ ነውና። በእነዚህ አራት አምስት ዓመታት "አሰላለፍ" ሦስት ሸክም ተጭኖበታል። ወገን ነው፤ በጦርነቱ ለማን እንደምትዋጋ ይናገራል። ጠባይ ነው፤ ለፈተና ምን መልስ እንደምትሰጥ ይተነብያል። ለጭራቆቹ ደግሞ ተፈጥሮ ነው፤ ኦርክ ክፉ የሆነው ስለ ሠራው ሥራ ሳይሆን ኦርክ ስለሆነ ነው። ተጫዋቹ "ክፉ ነኝ" ሲል ከሦስቱ የትኛውን ማለቱ እንደሆነ ሕጉ አይጠይቀውም። ጠላት ወገን ውስጥ ተሰልፎ ቃሉን የሚጠብቅ ወታደርና ሕፃን አሠቃይቶ የሚደሰት ሰው በወረቀቱ ላይ አንድ ምልክት ሊይዙ ይችላሉ።

የፍርሃቱ ዘመን

በነሐሴ 1979 በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የ16 ዓመት ተማሪ ጠፋ፤ ልጁን እንዲፈልግ የተቀጠረው የግል መርማሪ መጥፋቱን ከጨዋታው ጋር አያያዘው። ግንኙነቱ እውነት አልነበረም፤ ወሬው ግን አገር አዳረሰ። ሮና ጃፊ በ1981 ልቦለድ ጻፈችበት፤ በዓመቱም ቶም ሃንክስ የተወነበት ፊልም ሆነ። ልጃቸው በ1982 ራሱን ያጠፋባቸው ፓትሪሻ ፑሊንግ በ1983 ጨዋታውን የሚቃወም ማኅበር መሠረቱ። የሲክስቲ ሚኒትስ የቴሌቪዥን ዝግጅት በ1985 ነገሩን ለመላው አሜሪካ አቀረበው።

ስለዚህ ዘመን ብዙ ተጽፏል፤ የሃይማኖት ታሪክ ተመራማሪው ጆሴፍ ሌይኮክ በ2015 ያሳተመው መጽሐፍ ከሁሉም የጠለቀ ነው። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን አንድ ነጥብ ነው። የዚያን ጊዜ ከሳሾች የእኛን ጥያቄ አልጠየቁም። የከሰሱት አስማትንና አጋንንትን ነው፤ ጨዋታው ውስጥ ጋኔኑን የሚገድለውን ጀግናም ጋኔኑን የሚያገለግለውን ክፉም እኩል ኮንነዋል። ክፉን መጫወት ደግን ከመጫወት ይለያል ወይ የሚለው አልታሰባቸውም። ማይክል ስታክፖል በ1990 ባዘጋጀው ዘገባ ጨዋታው ራስን ወደ ማጥፋት ይመራል የሚለውን ክስ በቁጥር መርምሮ፣ በተጫዋቾች ላይ ተመዘገበ የተባለው ቁጥር እንኳ በዚያ ዕድሜ ካሉ ወጣቶች አማካይ በታች መሆኑን አሳየ።

የጨዋታው አሳታሚ ቲኤስአር ግን ፈርቶ ነበር። የውስጥ የሥነ ምግባር ደንቡ ክፋት ማራኪ ሆኖ እንዳይቀርብና በጠላትነት ብቻ እንዲታይ አዘዘ። በ1989 የወጣው ሁለተኛው እትም ቅጥረኛ ነፍሰ ገዳዩንና ግማሽ ኦርኩን ከተጫዋቾች መጽሐፍ አስወጣ፤ የአጋንንቱና የዲያብሎሶቹም ስም ተለወጠ። የዚህ እርምጃ ትልቁ ጉዳት ብዙም አልተነገረለትም። ክፋት ከተጫዋቹ እጅ ተነጥቆ ሙሉ በሙሉ ለጠላት ሲሰጥ፣ ጠላት ከቀድሞው ይልቅ ፍጹም ክፉ፣ ጀግናውም ከቀድሞው ይልቅ የማይጠየቅ ሆነ።

ሦስት ዓይነት ክፉ

መጽሐፍ ስለከለከለ ጠረጴዛው አልተወም። ቀድሞም ቢሆን፣ በ1984 በጀመረው ድራጎንላንስ በተባለው የጨዋታው ተከታታይ ታሪክ ተወዳጁ ሰው ራይስትሊን ነው፤ ከወንድሙና ከጓደኞቹ ጋር እየተጓዘ ቀስ በቀስ ወደ ክፋት የሚሄድ አስማተኛ። ጠባዩንና የሹክሹክታ ድምፁን ያገኘው በሙከራ ጨዋታው ላይ ከያዘው ከተጫዋቹ ከቴሪ ፊሊፕስ ነበር።

ክፋትን ለተጫዋች ያደሉ ጨዋታዎችን ስንመረምር አንድ ዓይነት ሆነው አናገኛቸውም። አንደኛው የቀልድ ክፋት ነው። የኬን ሴንት አንድሬ ሞንስተርስ! ሞንስተርስ! በ1976 ተጫዋቾችን ጭራቅ አድርጎ የሰዎችን ከተማ እንዲወርሩ ላካቸው። ፓራኖያ በ1984 እርስ በርስ መከዳዳትን የጨዋታው ዓላማ አደረገው፤ እያንዳንዱ ተጫዋች ስድስት አምሳያ አካላት ስላሉት ሞት ያስቃል እንጂ አያስለቅስም።

ሁለተኛው የሥልጣን ክፋት ነው፤ ድል ማድረግ፣ መግዛት፣ መበቀል። ለሦስተኛው እትም በ2002 የወጣውና ለአዋቂዎች ብቻ የሚል ማስጠንቀቂያ የተለጠፈበት የሞንቲ ኩክ ቡክ ኦቭ ቫይል ዳርክነስ፣ እንዲሁም ፓትፋይንደር የተባለው የሚና ጨዋታ አሳታሚ ፓይዞ በ2016 ያወጣው ሄልስ ቬንጀንስ እዚህ ይመደባሉ። ሄልስ ቬንጀንስ ተጫዋቾችን ለጨቋኝ መንግሥት የሚዋጉ ክፉዎች ያደርጋቸዋል።

ሦስተኛው የውድቀት ክፋት ነው፤ ሥነ ጽሑፋዊ ክብደት ያለውም እሱ ይመስለኛል። ቫምፓየር፦ ዘ ማስከሬድ በ1991 ሲወጣ ክፋትን ምልክት አድርጎ ወረቀት ላይ አልጻፈም፤ ሰብአዊነትን እንደ መለኪያ አስቀምጦ በየበደሉ እንዲቀንስ አደረገው። መለኪያው ባዶ ሲሆን ገጸ ባሕርዩ ከተጫዋቹ እጅ ይወጣል። ተጫዋቹ የሚፈራው ሞትን ብቻ አይደለም፤ ሳይታወቀው አውሬ መሆንንም ነው። የፖል ዜጊ ማይ ላይፍ ዊዝ ማስተር በ2003 ተጫዋቾችን የአንድ ጨካኝ ጌታ አሽከሮች አደረገ፤ በግድ የታዘዙትን ግፍ እየፈጸሙ ራሳቸውን ይጠላሉ፣ ከሰው ጋር የሚመሠርቱት ፍቅር ሲጠነክር ግን ጌታቸውን እንቢ ለማለት አቅም ያገኛሉ። በ2017 የታተመው የጆን ሃርፐር ብሌድስ ኢን ዘ ዳርክም ወንጀለኞቹን በጭንቀትና በቋሚ የመንፈስ ስብራት ያስከፍላቸዋል።

በክርክሩ ውስጥ ብዙ ጊዜ እነዚህ ሦስቱ ተቀላቅለው ይቀርባሉ። ክፉን መጫወት ጥልቅ ጥበብ ነው የሚለው ወገን ምሳሌውን ከሦስተኛው ይወስዳል፤ አደገኛ ነው የሚለው ከሁለተኛው ይጠቅሳል፤ ምንም አይደለም የሚለው ደግሞ የመጀመሪያውን ያነሣል። ሦስቱም ስለ ሌላ ሌላ ነገር እየተናገሩ ነው።

የልማድ ክስ

ክሱ ከጨዋታው በብዙ ይቀድማል። ፕላቶን በፖሊቴያ ሦስተኛ መጽሐፍ የከተማው ጠባቂዎች ክፉን ሰው እንዳያስመስሉ ይከለክላል፤ ከልጅነት የተደጋገመ ማስመሰል ተፈጥሮ ሆኖ ይቀራልና። ለዚህ ክስ ተዘውትሮ የሚሰጠው መልስ ተዋናይን መጥቀስ ነው፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን በተረጎመው ኦቴሎ ላይ ኢያጎን የተጫወተ ሰው ሸረኛ ሆኖ ወደ ቤቱ አልገባም። መልሱ ግን ግማሽ መልስ ነው። ተዋናዩ የሚናገረው ደራሲው የጻፈለትን ነው፤ ክፋቱን አላፈለቀውም። የሚና ተጫዋች ግን ራሱ ደራሲ፣ ራሱ ተዋናይ፣ ራሱ ተመልካች ነው። ሸሩን ያቀደው እሱ ነው፤ "እኔ" እያለ ነው የሚናገረው።

ይህን መሸጋገር ለመግለጽ ኤሚሊ ኬር ቦስ በ2007 "ብሊድ" የሚል ስያሜ አወጣች። የገጸ ባሕርዩ ስሜት ወደ ተጫዋቹ፣ የተጫዋቹም ወደ ገጸ ባሕርዩ የሚፈስበት ሁኔታ ነው። ፍሰቱ መኖሩን የሚክድ የለም፤ ክርክሩ ስለ ውጤቱ ነው። ማርኩስ ሞንቶላ በ2010 እጅግ የከበዱ ጭብጦች ያሏቸውን የሰሜን አውሮፓ የሚና ጨዋታዎች የተጫወቱ ሰዎችን ጠይቆ፣ ተጫዋቾቹ በወቅቱ መረበሻቸውን፣ ይሁን እንጂ ልምዱን ዋጋ ያለው አድርገው እንደሚቆጥሩት ጻፈ።

ጥናቶቹስ? ሳይመን በ1987 ያደረገው ምርመራ በጨዋታው ላይ በቆዩበት ጊዜና በስሜት መረጋጋት መካከል ዝምድና አላገኘም። አብየታና ፎረስት በ1991 በሚና ጨዋታና ተሳታፊዎች ራሳቸው በሚናገሩት ወንጀል መካከል ግንኙነት አላዩም። ብላክሞን በ1994 ጨዋታው ለአንድ ወጣት ታካሚ የሥነ ልቦና ሕክምና አጋዥ እንደሆነ ዘገበ። ራይትና ባልደረቦቿ በ2020 ባሳተሙት ጥናት የሥነ ምግባር ፈተናዎች ተሰናድተውላቸው የተጫወቱ ተማሪዎች በሥነ ምግባር አስተሳሰባቸው መሻሻል አሳይተዋል፤ የተሳታፊዎቹ ቁጥር ግን ትንሽ ነው። ክራውስና ረከር ደግሞ በዚያው ዓመት ሰዎች ከራሳቸው ጋር ወደሚመሳሰል የልቦለድ ክፉ ሰው እንደሚሳቡ አሳዩ፤ ማብራሪያቸው ልቦለድ የገዛ ጨለማችንን ስለ ራሳችን ያለን ግምት ሳይነካ እንድናይ ከለላ ይሰጠናል የሚል ነው።

እነዚህ ማስረጃዎች ጨዋታውን ከጥፋተኝነት ነፃ ያወጣሉ። ክፉ ገጸ ባሕርይን ግን ነፃ አያወጡም፤ አይከስሱምም። የሳይመንም የአብየታና ፎረስትም ጥናት ስለ መጫወት እንጂ ምን ዓይነት ሰው ሆኖ ስለ መጫወት አይደለም። የራይት ቡድን ውጤት ደግሞ ሁለት ስለት አለው። በምናብ መልካም መምረጥ ሰውን ካነጸ፣ በምናብ ክፉ መምረጥ ለምን አያፈርስም? ተከላካዮች ደጉን ውጤት በደስታ ተቀብለው የክፉውን ዕድል በቸልታ ማለፋቸው ትክክል አይመስለኝም።

ጠረጴዛው ላይ ያለው ሰው

ማስረጃው ጠንካራ የሆነው በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነው። ሶሲዮሎጂስቱ ጋሪ አለን ፋይን በ1970ዎቹ መጨረሻ በሚኒያፖሊስ ተጫዋቾች መካከል ተቀምጦ በ1983 ባሳተመው ጥናት፣ ወንዶች ብቻ በሞሉባቸው ጠረጴዛዎች በሴት ገጸ ባሕርያት ላይ የሚፈጸም ጥቃት ምን ያህል ተለምዶ እንደነበር መዝግቧል። እዚህ ላይ ጉዳቱ የምናብ ሰው ላይ አይቆምም፤ ያንን ሰምታ ለመቀመጥ የምትገደደው ሴት በእውን አለች።

ከዚያ ቀለል ያለው፣ ግን የተለመደው ችግር ክህደት ነው። አንዱ የጓደኞቹን ንብረት ይሰርቃል ወይም በተኙበት ያርዳቸዋል፤ ሲጠየቅም "የእኔ ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው" ይላል። ይህ መከላከያ አይሠራም። ገጸ ባሕርዩን የፈጠረው እሱ ነው፤ ሌላ ዓይነት ክፉ ሊፈጥር ይችል ነበር። ፓራኖያ ላይ ማንም ሳይቀየም የሚታለፈው ክህደት እዚህ ሰው የሚያጣላው፣ እዚያ ሁሉም ተስማምተው ስለገቡበት ነው። ልዩነቱ ያለው በስምምነቱ እንጂ በክፋቱ መጠን አይደለም።

ዛሬ በስፋት የሚሠራባቸው መሣሪያዎች ከዚህ መረዳት የተወለዱ ናቸው። ሮን ኤድዋርድስ በ2003 "መስመርና መጋረጃ" የሚለውን አሠራር አቀረበ፤ አንዳንዱ ነገር ፈጽሞ አይገባም፣ አንዳንዱ ይሆናል ግን አይተረክም። ጆን ስታቭሮፑሎስ በ2013 ኤክስ ካርድን አወጣ፤ ማንም ሰው ምክንያት ሳይሰጥ ካርዱን ነክቶ ትዕይንቱን ያስቆማል። ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት ተቀምጦ መነጋገርም በ2020 የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ መጽሐፍ ውስጥ ገባ። እንግዳ ሰዎች ተገናኝተው የሚጫወቱበት የአድቬንቸረርስ ሊግ ግን ሌላ መንገድ መርጦ፣ በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ከክፉዎቹ አሰላለፎች ሥርዓተኛ ክፉን ብቻ፣ እሱንም በጨዋታው ዓለም ካሉ ከሁለት ድርጅቶች የአንዱ አባል ለሆነ ገጸ ባሕርይ ብቻ ፈቀደ። ለማይተዋወቁ ሰዎች ይህ አስተዋይ ውሳኔ ነበር።

ያልተፈታው ነጥብ እነዚህ መሣሪያዎች ክፋቱን ራሱን ያለሰልሱታል ወይ የሚለው ነው። ማንንም የማይረብሽ ግፍ ግፍ ሆኖ ሊሰማ ይችላል? ተቃዋሚዎቹ አይችልም ይላሉ፤ ደጋፊዎቹ ደግሞ መውጫውን የሚያውቅ ሰው ወደ ጨለማው ይበልጥ ጠልቆ ይገባል ባዮች ናቸው። የሞንቶላ ጥናት ወደ ሁለተኛው ያዘነብላል፤ ጥናቱ ግን ልምድ ያላቸውን ሰዎች ያነጋገረ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ክፉው ማን ነው?

በ1979 የወጣው የጋይጋክስ ዘ ኪፕ ኦን ዘ ቦርደርላንድስ ጀግኖችን ኦርኮችና ጎብሊኖች ወደሚኖሩባቸው ዋሻዎች ይልካል። በዋሻዎቹ ውስጥ ተዋጊዎች ብቻ ሳይሆኑ ሴቶችና ሕፃናትም ተመዝግበዋል። ጀግናው ከሕፃናቱ ፊት ሲቆም ምን ያድርግ? ይህ ፈተና ትውልዶችን አጨቃጭቋል።

ዴቪድ ሂዩም በ1757፣ ታማር ጄንድለርም በ2000 የጻፉት እዚህ ያግዛል። ሰው በልቦለድ ውስጥ ዘንዶን፣ አስማትን፣ ግድያን ያለ ችግር ያስባል። ነገር ግን ታሪኩ ግፍን መልካም ነው ብለህ ተቀበል ሲለው ምናቡ እምቢ ይላል። ክፉ ገጸ ባሕርይ የያዘ ተጫዋች ይህ እምቢታ አይገጥመውም፤ የሚያደርገው ክፉ መሆኑን ጨዋታውም እሱም ያውቃሉና። እምቢታው የሚገጥመው ሥርዓተኛ ደጉ ፓላዲን ሕፃናቱን ሰይፎ "ደግ" ሆኖ እንዲቀር ሕጉ ሲፈቅድለት ነው።

አሳታሚዎችም በመጨረሻ ወደዚህ መጥተዋል። የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ባለቤት ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት በሰኔ 2020 ኦርክንና ድራው የተባለውን የምናብ ሕዝብ በተፈጥሮ ክፉ አድርጎ ማቅረቡ የእውነተኛ ሕዝቦችን ስም ማጥፊያ አነጋገር እንደሚመስል አምኖ ለማረም ቃል ገባ። ፓትፋይንደር በ2023 እድሳቱ አሰላለፍን ጨርሶ አስወገደ። ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ግን በ2024 መጽሐፉም ዘጠኙን አሰላለፎች እንደያዘ ቀጥሏል።

የቆየውን አሠራር የሚደግፉ ወገኖች ክርክር ቀላል አይደለም። ከሥራ የደከመ ሰው ያለ ሕሊና ጥያቄ የሚዋጋው ጠላት ይፈልጋል፤ ከሲኦል የመጣ ጋኔን ክፉ ቢሆን ማን ይበደላል? እስማማለሁ። ጋኔን ሕፃን አይወልድም፣ መንደር አይመሠርትም። ቤተሰብና ቋንቋ የተሰጠው ፍጡር ግን ከዚህ ቀላልነት ወጥቷል።

ስለዚህ ለመሪዎችም ለተጫዋቾችም የምለው ይህ ነው። "የእኔ ሰው ክፉ ነው" የሚል ተጫዋች ሲመጣ ቢያንስ ራሱን አስታውቋልና፣ ጓደኞቹ ከተስማሙና ክፋቱ በታሪኩ ውስጥ ዋጋ የሚያስከፍለው ከሆነ አስገቡት፤ ካልተስማሙ ሌላ ገጸ ባሕርይ ይያዝ። አጥብቃችሁ የምትጠይቁት ግን "ደግ" ብሎ ጽፎ በየዋሻው የሚገድለውን ይሁን። ለተመራማሪዎች ደግሞ የቀረ ሥራ አለ፦ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ለረጅም ጊዜ ጨካኝ ሆነው የተጫወቱትን ሩኅሩኅ ሆነው ከተጫወቱት ጋር ማወዳደር። ከላይ የተጠቀሱት ጥናቶች ይህን አላደረጉም፤ በእነሱ ተደግፎ በሥነ ልቦና ስም የሚከለክልም የሚፈቅድም ወገን በእጁ ማስረጃ የለውም።